ገመዱ

ነጂማ ከጅማ፣ ከሦስት ቀን ስልጠና፣
ቀለም በቆርቆሮ ይዛ መጣችና፣
ረዥም አጣና ከጓሮዬ ለምና፣
ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ክንድ በክንድ ቀባችና
ጊቤ ዳር ተከለች።

እኔማ ሳቅሁባት።
«የኛ ወንዝ መች ፊደል ቆጠረ?» አልኋት።
«መጻፉ የእርሱ ነው፣ ማንበቡ የኛ» አለች፤
ጭቃውን ከእግሯ ላይ በቅጠል ጠረገች።

«በነጩ ከብቶቹ ዳገት ዳገት ይውጡ፤
በቢጫው ሕፃናት ከነእናታቸው ይምጡ፤
በቀዩ ሁላችሁ፤ ዕቃ እንዳትመርጡ።»

ዕድሜውን በሙሉ የእድሩ ጡሩምባ
ለሞተ ሰው ነበር የሚጮኸው በእንባ፤
«ዘንድሮ ሳንሞት ንፋው» አለች ነጂማ፤
አባ ጨብሳም ሰማ።

አዴ ሸምሲያ ቀሩ። ጆሯቸው አይሰማ፣
ቤታቸው ዝቅ ያለ፣ ለወንዙ የተስማማ፤
ቢንኳኳም አይነቁ፣ ቢጮህም አይነቁ፤
ጎረቤት ነኝና ሁሉም እኔን ጠየቁ።

ነጂማ ዝም አለች። ቆይታ፣ ተነሣች፤
የአህያዬን ገመድ ሳትጠይቀኝ ፈታች፤
አንዱን ጫፍ ካልጋዬ፣ ሌላውን ከእጃቸው፣
በእንሰቱ መሐል ስባ አሰረቻቸው።
«ጆሮ ቢተኛ እንኳ፣ እጅ መች ይተኛል?»
ሰው ሁሉ እኔን አየ። ምን ማለት ይቻላል?

ነሐሴ ነው፣ ሌሊት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤
ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ኮከብ ተዘርቷል።
ከዴዶ ስልክ መጣ፦ «እዚህ ወርዷል ዛሬ፤
ወደናንተ ነው ጉዞው፤ አይምሰላችሁ ወሬ።»

ባትሪ ይዤ ወረድሁ። ነጩ የለም፣ ጠፍቷል።
ቢጫውም ከወገቡ በላይ ተውጧል።
ሳልስቅ ተመለስሁ።

ጡሩምባው ሲያንባርቅ፣ ሰው በስም ሲጠራራ፣
ማን የማንን ልጅ እንዳዘለ፣ ማን የማንን በግ እንደነዳ ማንም ሳያጣራ፣
ገመዱን ሳብሁት።
ዝም።
ደግሜ ሳብሁት።
ዝም።
ውሃው ደጄን አልፎ ጉልበቴን ሲነካው፣
ሦስተኛ ሳብሁና ልተወው ስል፣ ያው
ገመዱ
ሳበኝ።

በጀርባዬ አዘልኋቸው፤ «ቀስ በል፣ ጎድኔን» ይላሉ፤
ከብብታቸው ሥር አንዲት ዶሮ ይዘዋል።
«ዕቃ አትምረጡ ተብሎ የለም?» ብዬ ብጮህ፣
አልሰሙኝም። ዶሮዋ ግን ሰማች መሰል፣ ጮኸች።

ንጋት ላይ ቆጠርን። ሰው ሙሉ ነው፣ ሙሉ።
ልጆቹ ዳገት ላይ እሸት ይጠብሳሉ።
በቆሎው ግን ተኝቷል፤ ሁለት ቤት የለም፤
የአባ ጨብሳ ወይፈን፣ እሱም የትም የለም፤
አጣናውም ሄዷል። ከቀይ በላይ ቀለም
አልነበረንም።

ስንዴው የመጣልን በሃያኛው ቀን ነው።
ተሰልፈን ፈረምን። ያን ሌላ ቀን ላውጋው።

ዘንድሮ የተከልነው በሁለት ክንድ ይበልጣል፤
አራተኛ ቀለም ያስፈልጋል ተብሏል፤
ልጆቹ «ሰማያዊ»፣ አባ ጨብሳ «ጥቁር»፤
አልተስማማንም። ጫፉ ባዶውን ነው፣ እስካሁን።

አሁን ጥር ነው። ጊቤን ፍየል ይሻገረዋል።
ገመዱን የፈታው የለም።
ማታ ማታ፣ ኩራዜን ሳላጠፋ፣ ሳብ አደርገዋለሁ፤
ከወዲያ ሳብ ሲል ነው እንቅልፍ የምተኛው።
አንዳንድ ቀን ደግሞ ድካም ይጥለኛል፤
ከእንሰቱ ማዶ አንድ እጅ ይስበኛል።