አጀንዳ ሦስት

መስከረም ጠብቷል፤ ዝናቡ ግን አልሰማም ገና፤
ባልዲ ተቀምጧል ከመድረኩ ጥግ፣
አዲሱ አዳራሽ ያፈስሳልና።
ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ
«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አለ፤
ጠብ አለ ከጣራው፣
ባልዲው «አዎን» አለ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።
ሥራዬ መስማት ነው፣ መጻፍ፣ ዝም ማለት፣
የሰው ንግግር አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጥፎ ማስቀመጥ
«ተነሥቷል»፣ «ተብሏል»፣ «ታይቷል» በሚል ቃላት።
የተቆጣ ሰው በእኔ ወረቀት
«ሐሳባቸውን አካፈሉ» ይሆናል፤
ላለቀሰች ሴት
«ጥያቄ አቀረቡ» ይበቃል።

አጀንዳ አንድ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ። ጸደቀ።
አጀንዳ ሁለት፣ የመንገድ መብራት፦
ሃያ ስድስት ምሰሶ ቆሟል፤ አምፖል ግን የለውም።
«መቆማቸው በራሱ ውጤት ነው» ተባለ። አንድ ሰው ሳቀ።
ሳቁን አልመዘገብኩም።

ከዚያ መጣ አጀንዳ ሦስት፦
ከብሎክ ሠላሳ አንድ እስከ ትምህርት ቤቱ
የጎርፍ ማፋሰሻ፣ የእግረኛ ድልድይ፤
አራተኛ ክረምት፣ አራተኛ ውይይት፣
ስሙ እንኳ አረጀ ከዶሴው ላይ።

ኢንጂነር ናሆም ካርታውን ዘረጋ፤
ንጹሕ ካርታ ነው፣ ቀለሙ የረጋ፤
ቤቶቹ ግራጫ፣ መንገዱ ቢጫ፣
አረንጓዴም አለው ለልጆች መጫወቻ።
«በጥናታችን መሠረት» አለ በእስኪብርቶው ነክቶ፣
«እዚህ ጋ ወራጅ ውሃ የለም።»

ኦቦ ሂርጳ ተነሡ ከኋላ መቀመጫ።
ያ ሁሉ ቱሉ ዲምቱ የእርሻ ማሳ ሳለ
ይህ አዳራሽ የቆመበት የእሳቸው ነበር አሉ።
«ልጄ፣ ካርታህ ያምራል፤ እጅህ ይባረክ።
ግን እዚህ፣ ይኼ ቢጫው ላይ፣
ነሐሴ ወር ላይ ቀይ በሬ ነበረኝ፣
ቀንዱ ብቻ ቀርቶ ገመድ ይዤ የደረስኩ፤
አራት ጎረምሳ ጠርቼ ነው ጎትቼ ያወጣሁት።
ወራጅ ከሌለ ምን ነበር የዋጠው?
ጤፍ ነው?»

ዝም አለ አዳራሹ። እስኪብርቶዬ ቆመ።
ዝምታ እንዴት ይጻፋል?
«አንድ ተሳታፊ ታሪካዊ ማብራሪያ ሰጥተዋል» አልኩ፤
ያኔ የዳነው በሬ
በእኔ ወረቀት ሰጠመ።

ዘነቡ፣ የብሎክ ሠላሳዋ፣ እጇን አወጣች፦
«ጥፋቱ የስሜ ነው መሰለኝ» አለች።
ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።
«ውሃው ሲሞላ ልጄን አዝዬ ነው የማሻግራት፤
ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገባች፤
እግሯ መሬት ሊነካ ምን ቀረው?
እናንተ ስታጠኑ እኮ እሷ አደገች።»

የፋይናንስ ኃላፊው አንገቱን ደፋ፦
«ሰኔ ሠላሳ ሒሳብ ተዘጋ፤ ገንዘቡ ተመላሽ ሆኗል።»
«ለምን ሳትጠቀሙበት?»
«ጥናቱ አላለቀም ነበር።»
«ጥናቱስ ለምን አላለቀም?»
«ለጥናቱ በጀት አልተያዘም።»
ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት፤
ተኩሼም አልተዘረጋልኝም።

ውሳኔ፦ ኮሚቴ ይቋቋም።
እጅ ወጣ፤ ቆጠርኩ፤
አርባ አንድ ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም።
ባልዲው ብቻ
ሞልቶ በወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ወጣሁ ወደ ቤቴ።
የምኖረው ብሎክ ሠላሳ አንድ ነው፤
ማንም አልጠየቀኝ።
ቦዩ ጋ ስደርስ ሁለት አጣና ተጋድሟል፤
በላዩ የብረት ታፔላ፣
ነፋስ የነቀለው፣ የሠፈር ጎረምሶች ያነጠፉት፦
«የፕሮጀክቱ ስም፦ የእግረኛ ድልድይ ግንባታ።
አሠሪ፦» ጭቃ ነው።
«ተቋራጭ፦» ጭቃ ነው።
ጫማዬን በእጄ፣ ቃለ ጉባኤውን በብብቴ ይዤ
«የሚጠናቀቅበት» የሚለው ላይ ቆምኩ።
ይወዛወዛል።
ከሥሬ ካርታው ላይ የሌለው ውሃ ይጮኻል።
ከማዶ አንዲት ልጅ፣ ቦርሳዋን አናቷ ላይ አድርጋ፦
«እትዬ፣ ቶሎ ይለፉ እንጂ፤
አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።»