ቀይ የሚጠፋበት ጥልቀት

«እዚያ ከባሕሩ ሥር፣ ምንድን ነበር ያየኸው?»
ይለኛል አጥናፉ፣ ሲንጀሩን አቁሞ፣ ክሩን እያሾለው።
ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ ያው አንድ ጥያቄ፤
እኔም ያው አንድ መልስ፣ መዶሻዬን ይዤ፣ አቧራ ታጥቄ፦
«ብዙ ነው፣ አጥናፉ። ስም የለውም እንጂ።»

ስም የለውም እንጂ።
አማርኛችን ደገኛ ነው፤ ዝናብ ለይቶ ያውቃል፣
ካፊያውን፣ ዶፉን፣ ውርጩን፣ አመዳዩን በስም ይጠራል፤
ከማዕበል በታች ያለውን ግን፣ ሁሉን «ዓሣ» ብሎት ያልፋል።

ሰባ ዘጠኝ ላይ ነው። ቭላዲቮስቶክ፣ ከምድር ዳር፣
ፀሐይ እንግዳ በሆነችበት፣ በዚያ በቀዝቃዛው ባሕር፣
ጥቁር ጎማ አልብሰው፣ ወገቤን እርሳስ አስታጥቀው፣
አየር በብረት ጋን ሞልተው፣ ጀርባዬ ላይ አሸክመው
ወረወሩኝ።

መጀመሪያ ብርዱ፤
የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት፣ ፈሳሽ ሆኖ ቢቀዳ
እሱን ያህል ነበር፤ በጥርሴ ገብቶ፣ እስከ ቅልጥሜ የጎዳ።
ከዚያ ደግሞ ጉሙ፤ የጣርማ በርን ጉም አረንጓዴ ነክረው
የደፉት ይመስላል፤ እጄን ብዘረጋ፣ ጣቴ የት እንዳለ ማን አይቶ ይንገረው።

ዝቅ ስል፣ ቀለም ከላዬ አንድ በአንድ ተራገፈ፤
ቀዩ ቀድሞ ሄደ፤ ብርቱካኑ ተከትሎት አለፈ።
ዓለት ጓንቴን ቀዶ ጣቴን ጫረኝ፤ ደሜ ወጣ።
አረንጓዴ ነበር።
እናቴን ጠራሁ፣ ጎማ በጥርሴ እንደነከስኩ።

አሠልጣኙ ሳቀ፤ አረፋው ወደ ላይ ሲበተን አየሁት።
የእጅ ባትሪ ሰጠኝ። ዓለቱ ላይ አበራሁት።

እንዴት ብዬ ልንገርህ!
ዓለቱ ዓለት አይደለም፤ ግድግዳው ሙሉ ሕያው ነው፤
እንደ ሱፍ አበባ የፈካ አለ፣ አፍ እንጂ ሥር የሌለው፤
ሐምራዊ ኮከብ አለ፣ ክንዱ አሥር፣ በሰካራም እርምጃ የሚድህ፤
ቀንድ አውጣ አለ፣ ቤቱን ሸጦ ጥበብ የገዛበት፣
በነጩ ላይ ብርቱካንማ ጥለት፣ ጠርዝ ጠርዙን የዞረበት
(አጥናፉ፣ እሱን ብታይ፣ መርፌህን ትጥል ነበር)፤
ሸርጣን አለ፣ በሟች ጎጆ፣ ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር፤
ድባብ አለ፣ ዘርፉ የረዘመ፣ የሚሸከመው ካህን የሌለው፣
ራሱን ከፍቶ ራሱን እየዘጋ፣ ያለ ከበሮ የሚሄደው።

ደሜንም አየሁት። ቀይ ነው።
ቀይ ነበር እንዴ፣ ሁሌም፣ ባትሪ ሳይነካው፣ በዚያ ጨለማ?
ወይስ ብርሃኑ ነው የቀባው? ልጠይቅ አልኩ፤
ውኃ ውስጥ ጥያቄ የለማ።

መርከቡም ቀረ። እኔም ዓለም ከተማ፣ ወደ ድንጋዬ።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ጀማ ቁልቁለት ላይ፣ ለሰው ቤት መሠረት ስፈልጥ ውዬ፣
ጭላዶች ከአፋፉ ቁጭ ብለው እያዩኝ፣
አንዱ ድንጋይ ለሁለት ሲከፈል፣
ውስጡ ዛጎል።
ጥምዝ፣ የትንሿ ጣቴን ጥፍር የሚያህል።
ሌላም። ሌላም። ገደሉ ሙሉ።

አመድ ነው መልኩ።
ባትሪ አበራሁበት፤ አመድ እንደሆነ ቀረ።
በምራቄ አራስሁት፤ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጠይም መስመር አወጣ፣
ከዚያ ፀሐይ ደረሰችበት።

አጥናፉ ዘንድ ወሰድኩት። መነጽሩን አድርጎ፣ አገላብጦ አየውና
«ቀለሙ ምን ነበር?» አለኝ። መልሴን አልጠበቀም፤ መሳቢያውን ሳበና
የክር ጥቅሉን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።
«ምረጥ።»

እስካሁን እየመረጥኩ ነው።