የላላሞ ሳህን

አሞራ ገደል ላይ ጀምበር ሳትወጣ፣
የዓሣ አንጀት ሊጠብቅ አባ ኮዳ መጣ፤
አንገቱን ቀብሮ በትከሻው መሀል፣
ጡረታ የወጣ የቀበሌ ሹም ይመስላል።

እኔም መጣሁ፤
ጠርሙሶቼን በሣጥን፣ ደብተሬን በላስቲክ፣
ገመድ፣ ሰሌዳ፣ ቴርሞሜትር፣ እርሳስ።
እስክሪብቶ አልይዝም፤ ቀለም ውኃ ሲነካው ቃሉን ይክዳል፤
እርሳስ ግን ሐይቅ ውስጥ ወድቆ እንኳ ያየውን ይናገራል።

ላላሞ ጀልባውን ገፋ። አይጠይቀኝም።
አራት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣
ወደዚያው ነጥብ ይወስደኛል። በአንድ ዓይኑ የታቦርን ተራራ፣
በሌላው የሆቴሉን ቆርቆሮ አሰልፎ
ቀጥ ያደርገኛል። የእኔ መሣሪያ ሳተላይት ይጠራል፣
የእሱ ዓይኑን። አስተያየኋቸው፤ ልዩነታቸው
የአንድ ጀልባ ቁመት ነው። ያንንም ጽፌዋለሁ።

ሰሌዳው ክብ ነው፣ ነጭ በጥቁር የተከፈለ፤
በገመድ ይወርዳል፣ ዓይን እስኪያጣው ድረስ ወደ ታች እያለ።
ሳይንስ ተብሎ የሚፈራው ይኸው ነው፦
አንድ ነገር ወደ ውኃ መልቀቅ፣
የት ላይ እንደ ጠፋብህ ማወቅ።

ከእኔ በፊት መምህር ዳንጊሶ
ሃያ ሁለት ዓመት ከዚሁ ነጥብ ለክተው
ደብተር ትተውልኛል፣ ጠርዙን ጉማሬ ያኘከው የሚመስል፦
«መቶ አርባ ሦስት።»
«መቶ ሃያ። ነፋስ አለ፤ አልታመንም።»
«ሰማንያ ዘጠኝ። የባለቤቴ ቀብር ማግሥት ነው፤ ዓይኔ ደክሟል፤ ይደገም።»
ደገሙት። ሰማንያ ዘጠኝ።

ሰፈር ይስቅብናል፦ «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ!»
እውነት ብላችኋል፤
በጥቁር ውኃ አፍ በኩል ዘንድሮ ቅጠሉ ወፈረ፣
አበባው ወይን ጠጅ መሰለ፣ ሥሩ ጢም አሳደረ፤
እኛ ስለ ወቀጥነው አይደለም፣
ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ስለ ከረመ እንጂ
ውኃው እምቦጭ ሆኖ ቀረ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤
ዘንዶ በሆነልኝ! ዘንዶን ማን ይክዳል፣ ያየዋል ሁሉ።
እኔ ከወለሉ ጭቃ ያወጣሁት ትል ነው፣ ክር የሚያህል፣
አየር ባነሰበት፣ ጎረቤት ባለቀበት፣
ደሙን አቅልቶ ብቻውን የሚውል።
አንድ ኃላፊ በስብሰባ ጠየቁኝ፦
«በአጭሩ፣ ሐይቁ ታሟል ወይስ ደህና ነው?»
ክቡርነትዎ፣ ሐይቅ በአጭሩ አይታመምም።

ባለፈው ወር ያረጀው ገመድ ከእጄ ላይ ተበጠሰ፤
ሰሌዳው ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር እያለ
ወደማይለካው ፈሰሰ።
ሃያ ስድስት ዓመት ያልተቋረጠ መስመር
እዚህ ላይ ሊከፈት፣ ባዶ ሊያድር።

ላላሞ ምንም አላለም። ምሳውን፣ የቀዘቀዘ ቆሮሶ፣
ወደ ክዳኑ ገለበጠ። ሳህኑን አጠበ፤
ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አንድ ቦታ የተላጠ።
በምስማር ሦስት ቦታ በሳው፣ በመረብ ክር አሰረው፣
ድንጋይ አንጠለጠለበት።
«ያው ነጭ ነው» አለኝ፣
«ውኃው መቼ ስሙን ይጠይቅሻል?»

ወረደ። ዘይቱ ላይ ላዩን ክብ ሠራ።
ራስ ለራስ ልንጋጭ ጎንበስ አልን፣
እኔ «ጠፋ» ስል፣ እሱ «ቆይ፣ አለ»፤
«ጠፋ»፤ «ቆይ»፤
የእሱ ዓይን ከእኔ ዓይን አራት ጣት ይጠልቃል።
ክሩን በሜትር ዘረጋሁት፦
በእኔ ሰባ አንድ፣ በእሱ ሰባ ስምንት።

ሁለቱንም ጻፍሁ። ከሥሩ፦
«በላላሞ ሳህን። መደበኛ ሰሌዳ አይደለም።
ከአማካዩ አይደመር። ግን አይፋቅ።»

አዲስ ሰሌዳ ተገዝቷል። ላላሞ ግን እስከ ዛሬ
በዚያው ሳህን ይበላል፤ ሲጨርስም አዘንብሎ ይይዘዋል፣
በሦስቱ ቀዳዳ መረቁ ወደ ሐይቁ ይንጠባጠባል።

አይቻለሁ።
ያንን ግን አልጻፍሁትም።