የሌለ አገር ብረት

አገሩ የለም። ካርታው ብቻ ነው ያለ፣
በሒሳብ ደብተር ጀርባ በእርሳስ የተሣለ።
ወንዙ ስም አለው፣ ተራራው ቁመት፣
ንጉሡ ሚፍታህ ነው፣ ዕጣ የወጣለት።
ጋሻው ከካርቶን ነው፣ ዘውዱ ከቆርቆሮ፣
የቀረው ሰይፉ ነው፤ “ቲቸር፣ ባንቺ ዘንድሮ”
አሉኝ የቴአትር ክበብ ልጆች ተሰብስበው፣
ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰይፍ የሚያውቅ መስሏቸው።

እኔን ግን የያዘኝ ከሰይፉ በፊት ያለው ነው፦
ባሕር የማያውቅ አገር ሰይፉን ከምን ሠራው?
መዳብ ከገደሉ ይገኝለት እንበል፣
ቆርቆሮ ግን ከየት? ነጋዴ ሳይቀበል?
ቆርቆሮ ከሌለ ነሐስ አይኖራቸው፤
ወርቁም ይታጠፋል ባንድ ምት፣ በእጃቸው።
ሰሚራ ጽፋለች፣ ድርሰቱ የእሷ ነው፣
“ከወደቀ ኮከብ የተመታ ሰይፍ ነው።”
መልካም። ብረት ከሰማይ ይወድቃል፣ አልክድም፤
ኒኬል አለበት፤ ለሠራዊት ግን አይበቃም።
ያንድ ኮከብ ስብርባሪ ስንት ሰይፍ ይወጣዋል?
የቀረው ወታደር በዱላ ይወጣዋል?

ቅዳሜ ሙዚየም ገባሁ።
ከመስታወት ኋላ ያለን ጎራዴ በስንዝር ለካሁ።
ዘበኛው አየኝና “ልትዘምቺ ነው?” አለኝ።
“አዎ።”
“ወዴት?”
“የትም።”
ትንሽ አሰበና፣ “እንዲያ ያለው ይሻላል” አለኝ።

ከዚያ ሂርማታ ወረድኩ፤ ካፊያ፣ ጭቃ፣ ውራጅ ብረት፣
የባጃጅ ቸርኬ፣ የዶለዶመ ማረሻ፣ ያልጋ እግር፣ ማጠፊያ የወለቀለት።
ፌሮ ለስላሳ ነው፤ ላሜራ ይታጠፋል፤
አሉሚኒየም ይቀላል፣ ሲጋጭ ግን እንደ ማንኪያ ይጮኻል።
“ባሌስትራ ውሰጂ” አለኝ ሻጩ፣ “ካይሱዙ የወጣ፣
ቦንጋ ጅማ ሲመላለስ፣ ጉድጓድ ሲቆጥር የመጣ።”

ተሸክሜው ተሻገርኩ፣ ካዌቱ ማዶ፣ ታጁ ዘንድ።
ወናፉ የሚስቱ የፀጉር ማድረቂያ ነው፣
አፉን በጭቃ ለውሶ ከሰሉ ሥር የሰካው።
“ንገሪኝ” አለ፣ “ስለ አገሩ።”
ነገርኩት፦ ወንዙን፣ ኮከቡን፣ ዙፋኑን ከነክብሩ።
ብረቱን በጥፍሩ ቆርቆር፣ ቆርቆር አደረገና
“ማን ቀጠቀጠው?” አለኝ ቀና ሳይል ገና።
“ምኑን?”
“ሰይፉን። ቀጥቃጭ የለውም? ስም የለውም?
ብረት ራሱን አይመታም።

አያቴ ለጌቶች ጦር ይሠራ ነበር።
ጦሩን ወሰዱለት፤ ዋጋውን በደጅ ወረወሩለት፣
በዋንጫቸው አላጠጡት፣ ሕፃን ከዓይኑ ሸሸጉበት።
‘ቱምቱ ነው፣ ዓይኑ ይበላል’ ይላሉ ቁጭ ብለው፣
እሱ በሠራው ማረሻ የታረሰውን ጎርሰው።
ያንቺ አገር የሌለ ነው፤ እንዳሻሽ ይሆናል፤
ታዲያ እዚያም ቀጥቃጩ ከደጅ ይውላል?”

ብረት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ በልቤ ይዣለሁ፣
ሺሕ አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት፤ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እላለሁ።
ይህን ግን አልጠየቅሁም።

ሦስት ቀን መታው። በተቃጠለ ዘይት ነከረው።
የልጆች ነውና ስለቱን ነፈገው፣
ጫፉን እንደ አውራ ጣት ድቡልቡል አደረገው።
ሰሚራም ኮከቡን በቀይ እስክሪፕቶ ሰረዘች፣
በቦታው አንድ ሰው አስገባች፤ ከሰል የሚሸት ሰው፣
ከንጉሡ በፊት እጁን የሚታጠብ፣
ከንጉሡ ጋር ባንድ ገበታ የሚቀርብ።
“ስሙን ማን ልበለው?” አለችኝ።
“እኔን አትጠይቂኝ” አልኳት። እሷም ገባት፤ ካዌቱ ማዶ ሄደች።

ሚፍታህ በሁለት እጁ አነሣው።
“ቲቸር፣ ይከብዳል” አለ።
“እንኳን!” አልኩት።

የትያትሩ ማታ ታጁ መጣ።
የፊት ወንበር ነበር፣ ስሙ የተጻፈበት፤
አልሄደም። በሩ ላይ ቆመ፣ ትከሻው ከእንጨቱ ተጠግቶ።
“እባክህ ግባ” አልኩት፤ እጁን ይዤ ጎተትኩት።
“እዚህ ይሻላል” አለኝ፤ “ድምፁ አይደናገረኝም።”
መጋረጃው ተከፈተ። የጠላት ሰይፍ ፌሮ ነው፤
ሁለቱ ሲጋጩ ታጁ ዓይኑን ጨፈነ።