ባለቤት የሌለው ግሥ

ለገሃር፣ ባቡር በረሳው መጋዘን፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ
ልሳነወርቅ አውሮፕላን ነደፈ፣ በጠመኔ፣ በልክ ለክቶ።
ስብርባሪውን ከጆንያ እያወጣ በየቦታው ደረደረ፤
ክንፉ ሞላ፣ ጅራቱ ሞላ፤
ግራ ጎኑ ብቻ ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ።

ብረት ሲሞት አሟሟቱ ይለያያል፣ ይላል፤
የዛገው ይፈረፈራል፣ የደከመው ይሰነጠቃል፣
እሳት የበላው እንደ ሰም ይንጠባጠባል።
ይኸኛው ግን ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፏል፣
በሩን ገንጥለው እንደገቡበት ቤት።

ጭነቱ የወባ አጎበር ነበር። ከሜዳው ከተለቀመው አንዱን እስር ፈታን፤
እንደታጠፈ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፣ የሽንብራ ታህል፤
እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በአንድ ጫፍ ይዘን ስንዘረጋው
አርባ ሆነች፣ ተሰልፋ፣ እኩል በእኩል።
ከእጥፋቱም ጠብ አለች
ከገበጣ ጠጠር የምታንስ፣ ባለ ስድስት ገጽ ብረት፤
የአውሮፕላኑ አካል አይደለችም።
ትንኝ የማያስገባው መረብ ይቺን አስገብቷል።

ማክሰኞ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሊፍቱ በቆመ ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ፤
ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።
ሰብሳቢው "ወደቀ በዪ" አሉኝ፤
ወደቀ ማንንም አይከስ፤ ፍሬም ይወድቃል፣ ተማሪም።
የሕግ ክፍሏ "ተከሰከሰ ይሻላል" አለች፣
ራሱ ራሱን እንደጣለ።
ልሳነወርቅ ብረቷን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤
"ተመታ" አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ከቸርችል ጎዳና
የታክሲ ረዳት ድምፅ በመስኮቱ ገባ፦
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!"

ጻፍኩት። ግን "ተ"ዋን ሳያት ቆየሁ፤
ይቺ ናት በሩን የዘጋችው።
ብሰርዛት "መታ" ይቀራል፣
መታ ደግሞ ባለቤት ይጠይቃል፤
ስም ያለው፣ ቁርሱን በልቶ የወጣ፣
ጣቱን ቁልፍ ላይ ያሳረፈ።
እጄ አልደፈረም። ማኅተሙ አረፈ።

ኮሪደሩ ላይ ፍሬሕይወት ቆማለች፣ የረዳት አብራሪው ሚስት፤
ይህ ሦስተኛ ማክሰኞዋ ነው።
ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው አነበበች፤
ጣቷ መስመር ለመስመር ወርዶ፣ ከቃሉ ሲደርስ ቆመ።

"ባለቤቴን" አለች፤
ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣
"ባለቤቱስ?"

ልሳነወርቅ ጎንበስ ብሎ
ጉልበቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ አራገፈ።