ፈታሽ

ከብሔራዊ ቴአትር ቁልቁል፣ ከባንኩ ፎቅ ግርጌ፣
ሰማያዊ መጋረጃ ከኋላዬ አድርጌ፣
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እቆማለሁ።
ሥራዬ በእጄ ነው፤ የሰው ቦርሳ መክፈት፣
የማላውቃትን ሴት ወገቧን መዳሰስ፣
"ይቅርታ፣ እህቴ" ማለት።

ትጥቅ ፈታሽ ተባልኩ፤ ፈታሽ ሆንኩ ደግሞ።
አማርኛ ይቀልዳል አንዳንዴ፣ ሰው ታሞ።

ካምፕ ሳለን አንድ ሰውዬ መጣ፣
ክራቫቱ ንጹሕ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ።
"መሣሪያ አስረክቡ፣ መሣሪያ ትወስዳላችሁ" አለን።
ተያየን። አልገባንም።
ያስረከብኩት እጀታው በላቤ የወዛ ነው፣
ቁጥሩን እንደ ልጅ ስም በቃሌ የማውቀው።
የተረከብኩት የቧንቧ መፍቻ፣ ሁለት ፒንሳ፣
አንድ ሜትር፣ አንድ ሰርተፊኬት፣
ስሜ በአንድ ፊደል የተሳሳተ።
መፍቻውን ሜክሲኮ ወስጄ ሸጥኩት፣ ለቤት ኪራይ።
ሰርተፊኬቱ አለ። ማን ይገዛኛል?

ቀበሌ "መሸኛ አምጪ" አሉኝ፣
ከየት እንደመጣሁ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት።
የመጣሁት ከዋሻ ነው፤ ዋሻ ማኅተም የለበት።
ጸሐፊዋ ቀና ብላ ፀጉሬን አየች፣ እጄን አየች፣
መስኮቱን ክፍት ትታ ፊቷን ዘጋች።

ሌሊቱ የእታፈራሁ ነው፣ ቀኑ የኔ።
እሷ በወዲያኛው ወገን ነበረች።
ክፍላቸው "እንደገና ይደራጃል" ተብሎ ሲፈርስ
ዩኒፎርሟን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል መለሰች።
ስለ ወንዙ አንድ ቀን ብቻ አወራን።
"ማዶ ነበርኩ" አለች።
"እኔም ማዶ ነበርኩ" አልኳት።
ወንዝ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ዳሩ ማዶ ነው።

ደንቡ፣ ተረኞች ሲለዋወጡ ይፈታተሹ ይላል።
ማሽኑን ከትከሻዬ ቁልቁል ታወርደዋለች፤
ግራ ጭኔ ላይ ሲደርስ ይጮኻል።
የመጀመሪያ ቀን እጇ እዚያው ቀረ።
"ምንድነው?" አላለችም፤
የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።
ተራዬን አነሳሁት፤ ከብራኳዋ በታች ጮኸ።
እሷ ውስጥ ያለው የእኛ ይሆናል፣
እኔ ውስጥ ያለው የእነሱ።
ያለ ደረሰኝ ተለዋውጠን ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

መዝገቡ ላይ፣ ሰዓቱን ሞልታ፣ ትጽፋለች፦
"ምንም አልተገኘም።"
ከሥሩ እፈርማለሁ፦
"ንብረቱን በሙሉ ተረክቤያለሁ።"

ባለፈው ማክሰኞ ኤጀንሲው ጠራኝ።
"ዋስ ካላመጣሽ እስከ ዓርብ ነሽ።"
ደመወዝተኛ ዋስ!
በዚህ ከተማ የሚያውቀኝ አንድ የለገሃር ወያላ ነው፣
እሱም ስሜን አያውቅም፤
"ወታደሯ፣ ግቢ!" ይለኛል፣ ከአረማመዴ ገምቶ።
ለማንም አልተነፈስኩም።
ግን የዘበኛ ጆሮ ሌሊት አይተኛም።

ኀሙስ ንጋት፣ ርክክብ ላይ፣
እታፈራሁ ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤
የደመወዟ ማስረጃ፣ ማኅተሙ ላብ ነክቶት የደበዘዘ።
"ከሰረቅሽ የምከፍለው እኔ ነኝ" አለች።
ቆይታ፣ "እንዳትሰርቂ።"

አላቀፍኳትም። እኛ አንተቃቀፍም፤
መዳሰሱ ይበቃናል።
ባቡሩ በለገሃር በኩል እየተፋጨ አለፈ።
የማሽኑን ባትሪ አየሁ።
"አስረካቢ" ከሚለው ፊት ስሟን ጻፈች፣
በትልልቁ፣ እንደ ተማሪ፦ እታፈራሁ።
ሁለቴ አነበብኩት።
እናቷ ማንን አስባ እንዳወጣችው እንጃ።

እግሯን እየጎተተች ወደ ታክሲው ሄደች።
አንዲት ሴት መጣች፣ ቸኩላ፣ ቦርሳዋን ከፍታ፤
ቁልፍ፣ ሊፒስቲክ፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ።
ካልሲውን መልሼ በደንብ ከተትኩላት፣
እንዳይወድቅ።
"እለፊ" አልኳት።