የ«ለ» ቀኝ ጎን

ደምበጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በኪራይ ክፍሌ፣
ፊደል እበትናለሁ፣ መልሼ እለቅማለሁ፣ እንደ አመሌ።
ቀን ወፍጮው ሲጮህ ድምፅ መቅዳት አይቻል፤
ወፍጮው ዝም ሲልም መብራቱ ሄዷል።
ስለዚህ የምቀዳው ሌሊት ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ስልኬን እንደ ሚስጥረኛ ወደ ከንፈሬ አቅርቤ፣
«ለ» እላለሁ። «ለ»። ውሻ ይጮኻል። «ለ» እንደገና።
ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል! ደግሞ ምኑ ተይዞ፣ ገና
ሃያ ስድስት ክፍል አለ፤ አንዱ ክፍል ስድስት ደቂቃ፣
የአምስት ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ አይቀመጥም፣ በቃ።

ከ«ሀ» አልጀመርኩም። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች፤
«ፊደል ራስ የለውም ወይ?» ብላ ጠየቀች።
አለው፣ እማዬ። ግን ልጆቹ «ሀሁ»ን እንደ ውሃ
ያወርዱታል በዜማ፤ መሃል ላይ ጣት አኑረሽ «ይቺስ?» ስትይ፣ በረሃ።
አፋቸው ያውቀዋል፤ ዓይናቸው ገና አልተዋወቀውም።
ደግሞ «ሀ» ሦስት ዓይነት ነው፤ የቱ ይቅደም ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።
ለ፣ በ፣ መን አስቀደምኩ፤ ቃል ለመውለድ አይለግሙም።

ሥዕል የሚሠራልኝ ናሆም አዲስ አበባ ነው።
ለ«ባ» ባቡር ላከልኝ። እዚህ ባቡር ማን አየው?
ባሕር ዛፍ ይሁን ብለው፣ «ዛፍ ብቻ ይመስላል» አለ።
በባጃጅ ተስማማን፤ ሰማያዊ፣ መስታወቱ ላይ ጥቅስ የተሰቀለ።
ለ«ለ» ለውዝ ሣለ፣ ለ«ሉ» ሉካንዳ፣
ግማሽ በሬ ተንጠልጥሎበት፣ ባለ ቀይ ሰሌዳ።

ቅዳሜ ለታ መጀመሪያ የሞከረችው አዝመራ ናት፣
የባጃጅ ሹፌሩ የይበልጣል ልጅ፤ የፊት ጥርሷ የወለቀላት።
አባቷ ስልኩን ሰጣት፤ አሮጌ ነው፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ።
«ለ» ብቅ አለች።
«በዚህ ፊደል የሚጀምረው የቱ ነው?» አልኩ፣ የተቀዳሁት እኔ።
ሉካንዳውን ነካች።
«ልክ አይደለም። እንደገና ሞክሪ።»
ሉካንዳ።
«ልክ አይደለም። እንደገና ሞክሪ።»
ሉካንዳ፤ አሁን በአውራ ጣቷ፣ ጠበቅ አድርጋ።
የተቀዳው ድምፄ ትዕግሥቱ አያልቅ፣ አይደክም፣ አይሰጋ፤
እኔ በሥጋ ብሆን ሦስተኛው ላይ ዝም እላለሁ።
«ትናንት ታውቀው ነበር፣ መምህርት» አለ አባቷ አንገቱን ደፍቶ፣ «እምላለሁ።»

ጎንበስ ብዬ በትከሻዋ ላይ አየሁ።
ስልኩ አንድ ቀን ኮረኮንች ላይ ወድቋል፤ ስንጥቁ
ከጥግ ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ ከ«ለ» ቀኝ ጎን፣ ልክ ከመሃሏ ላይ
ትንሽ ጭረት ቀጥሏል።
ለእኔ ስንጥቅ ነው። ለአዝመራ ካዕብ ነው።
«ሉ» ብላ አንብባለች። ሦስቴ አንብባለች፣ ሦስቴም ልክ ነበረች፤
ሦስቴም በገዛ ድምፄ ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

«ታዲያ መስታወቱን ላስቀይረው?» አለ ይበልጣል።
ዋጋውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከሳምንት ቤንዚን ይበልጣል።

ያን ሌሊት «ልክ አይደለም»ን አንድ በአንድ አጠፋሁ፣
ሃያ ስድስት ቦታ። በምትኩ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ፣
«ምን አየሽ? እስቲ አሳዪኝ» ብዬ ቀዳሁ።
(ለወንዶቹ «አሳየኝ» ሌላ ቀረጻ ነው፤ ቋንቋችን እጥፍ ያስለፋል።)
ሁለተኛው ላይ ድምፄ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ እሱኑ አስቀረሁ።
ፊደሎቹንም ከተቀመጡበት አስነሣኋቸው፤
ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣
አንዱ ቦታ ስንጥቅ ቢለጠፍባቸው
ሌላው ቦታ ላይ መልካቸው እንዲገኝ።

ጠዋት ናሆም ጻፈልኝ፦ «‹ለ› ለምን አርፋ አትቀመጥም?
አመማት እንዴ?»
«ይኸውልህ፣ እዚህ መንገዱ ኮረኮንች ነው» ብዬ
መልሱን መጻፍ ስጀምር
ወፍጮው ቆመ።